ሁለት ተራ አንድ ሲደረግ

ሐዋሳ ውስጥ የቲኬት ቢሮ ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቢሮዬ ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ አንድ ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ደንበኞቼ በአብዛኛው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ወጣቶችና ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚነሡ እናቶችና አባቶች ናቸው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከእነዚህ እናቶች በአንዷ ምክንያት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰፈራችን ሰው የሆኑና እኔም እማማ እያልኩ የምጠራቸው እናት ልጃቸውን ሊያርሱ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ቲኬታቸውን የቆረጥኩላቸው እኔ ነበርኩ። ከሐዋሳ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለ አንዳች ችግር ደረሱ። ከዋሽንግተን ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ የሚወስዳቸው ግን ሌላ አየር መንገድ ነበር፤ ስሙን አልጠቅስም። በዚያ ሰሞን ያ አየር መንገድ ከሌላ አየር መንገድ ጋር እየተዋሃደ ስለነበር የመንገደኞቹን መዝገብ ከአንዱ የኮምፒውተር ሥርዓት ወደ ሌላው ያዛውር ነበር።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ በማላውቀው የአሜሪካ ቁጥር ተደወለልኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የምትሠራ አንዲት የአገራችን ልጅ ስልኳን አውሳቸው ኖሮ፣ እማማ ናቸው። «ልጄ፣ ስሜ የለም ይሉኛል» አሉኝ። ወረቀቱ በእጃቸው ነበር፤ ገንዘቡም ከተከፈለ ወር አልፎታል። ችግሩን ለማወቅ ግን እኔም ጊዜ ወስዶብኛል። መንገደኛው «ቲኬት» ብሎ የሚጠራው ነገር በእኛ ሥራ ሁለት ነው፦ አንዱ ቦታ መያዙን የሚያሳየው ባለ 6 ፊደልና ቁጥር ኮድ ሲሆን፣ ሌላው ገንዘቡ መከፈሉን የሚያሳየው ባለ 13 አሃዝ የቲኬት ቁጥር ነው። የዚህ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ 3 አሃዞች ቲኬቱን የቆረጠውን አየር መንገድ ይለያሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለምሳሌ 071 ነው። የእማማ የቲኬት ቁጥር በሕይወት ነበር፤ የተያዘላቸው ቦታ ግን ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ሲሻገር ወድቆ ቀርቷል። እኔ ቁጥሩን ለልጅቷ በስልክ እያነበብኩ፣ ልጅቷ ለሠራተኛው እየነገረች፣ በማግስቱ ጠዋት በሚነሣ በረራ ቦታ ተገኘላቸው። ሌሊቱን ያሳለፉት ግን አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በአንድ መንገደኛ ላይ ብቻ የሚደርስ አለመሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ባነበብኩት ነው። ዩናይትድና ኮንቲኔንታል የተባሉት የአሜሪካ አየር መንገዶች የተዋሃዱት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የመንገደኞች መዝገባቸውን በአንድ ሥርዓት ሥር ያደረጉት በመጋቢት 2012 በአንድ ሌሊት ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት የመሳፈሪያ ወረቀት የሚያትሙት ማሽኖች ሳይቀሩ እያስቸገሩ፣ ሠራተኞቹም ሥርዓቱን ገና እየተማሩ፣ በየጣቢያው ረጃጅም ሰልፎች ታዩ። የሚገርመው ግን እንዲህ ያለው ግርግር ከውህደት መዘዞች ሁሉ ቀላሉ መሆኑ ነው፤ ኮምፒውተር ውሎ አድሮ ይግባባል። የማይግባባውን የነገረኝ አብራሪው የአጎቴ ልጅ ነው።

የአጎቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ በአንድ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ለፍቼ ጫምባላላ በዓል ሐዋሳ መጥቶ፣ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን የእማማን ነገር ስነግረው ሳቀና «የእኛ ስም የጠፋ ቀን ምን ልትል ነው?» አለኝ። ከዚያም ስለሥራው ሲያጫውተኝ የሚያበረውን አውሮፕላን ዓይነት ከመንገሩ በፊት የነገረኝ ቁጥሩን ነበር። እናት የልጇን የልደት ቀን እንደምትናገር ሳያስብ ነው የተናገረው።

ይህ ቁጥር የቀደምትነት ቁጥር ነው። በአሜሪካ ትላልቅ አየር መንገዶች እያንዳንዱ አብራሪ በተቀጠረበት ቀን መሠረት በአንድ ረጅም ዝርዝር ውስጥ ይሰለፋል፤ ከላይ ያሉት ጡረታ ሲወጡም ከታች ያለው አንድ አንድ ደረጃ ይወጣል። የትኛውን አውሮፕላን እንደሚያበር፣ መነሻው የትኛው ከተማ እንደሚሆን፣ በወሩ ውስጥ የትኞቹን በረራዎች እንደሚመርጥ፣ የገናን በዓል ከልጆቹ ጋር ይሁን በሆቴል ክፍል እንደሚያሳልፍ፣ መቼ ካፒቴን እንደሚሆን፣ ክፉ ቀን ሲመጣም ማን ቀድሞ ከሥራ እንደሚሰናበት የሚወስነው ይኸው ቁጥር ነው። ችሎታ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ፈተናውን ያለፈ ሁሉ እኩል ነው። ከዚህም በላይ ቁጥሩ ከአየር መንገዱ ውጪ ዋጋ የለውም። ለ20 ዓመት ካፒቴን የነበረ ሰው ድርጅቱ ቢዘጋበትና ሌላ ጋ ቢቀጠር፣ ትናንት ከተመረቀው ወጣት ጋር ከዝርዝሩ ግርጌ ይጀምራል። በ2007 መጨረሻ የአብራሪዎች የጡረታ ዕድሜ በሕግ ከ60 ወደ 65 ከፍ ሲል፣ ከላይ ያሉት ደስ ሲላቸው ከታች ያሉት ለዓመታት ባሉበት ሊቆሙ መሆኑን የተረዱት ወዲያውኑ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሁለት ዝርዝሮች አንድ ይደረጉ ሲባል ምን እንደሚፈጠር ለመረዳት ከሐዋሳ መናኸሪያ መውጣት አያስፈልግም። ሁለት የሚኒባስ ተራዎች አሉ እንበል። በአንደኛው 20 መኪና ተሰልፏል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የመጣው ሾፌር እስካሁን 18ኛ ነው፣ ምክንያቱም በዚያ መስመር መንገደኛ ቀንሷል። በሌላኛው ተራ ጠዋት 2 ሰዓት የመጣ ሾፌር ሁለተኛ ነው፤ መንገደኛው እየጎረፈ ስለሆነ ሰልፉ ቶሎ ይንቀሳቀሳል። ተራ አስከባሪው «ከአሁን ጀምሮ ሁለቱ ተራ አንድ ነው» ቢል ማን ይቅደም? የመጀመሪያው ሾፌር «ከሌሊት ጀምሮ ቆሜያለሁ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ውህደቱ ባይመጣ ኖሮ እኔ አሁን ጭኜ እወጣ ነበር፤ አንተ ገና ብዙ ትቆይ ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይህን ክርክር ከሰማሁ ጀምሮ በአንዱ ወገን ለመፍረድ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ዩኤስ ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት በ2005 ሲዋሃዱ የሆነው በትክክል ይኸው ነው። ዩኤስ ኤርዌይስ በአሜሪካ ምሥራቅ የነበረ አንጋፋ አየር መንገድ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ የኪሳራ ጥበቃ (ከባለዕዳ ጠያቂዎች የሚከልል የፍርድ ቤት ከለላ) ጠይቆ እጅግ ከመጥበቡ የተነሣ ከ16 ዓመት በላይ ያገለገሉ አብራሪዎቹ በሥራ ላይ ካሉት የመጨረሻዎቹ ሆነው ነበር፤ ከእነሱ በታች ያሉት ደግሞ ቤታቸው ተቀምጠዋል። በምዕራብ የነበረው አሜሪካ ዌስት በአንጻሩ ወጣትና በማደግ ላይ ያለ ነበር። ሁለቱ ወገኖች መስማማት ስላልቻሉ ጉዳዩ ለግልግል ዳኛው ለጆርጅ ኒኮላው ቀረበ። ዳኛው በግንቦት 2007 በሰጡት ውሳኔ ከ500 የሚበልጡ የምሥራቅ አንጋፋ አብራሪዎችን ከሁሉም በላይ አስቀመጡ፤ ምክንያቱም ትልልቆቹን የባሕር ማዶ አውሮፕላኖች ያመጣው የእነሱ ወገን ነበር። የቀሩትን በየዝርዝራቸው በነበራቸው አንጻራዊ ቦታ አሰባጠሯቸው፤ ከሥራ ወጥተው የነበሩትን ደግሞ ከግርጌ አደረጓቸው። በዚህም የተነሣ ከ16 ዓመት በላይ ያገለገለ የምሥራቅ አብራሪ ከተቀጠረ ገና ጥቂት ወራት ከሆነው የምዕራብ አብራሪ ጎን ቆመ።

የምሥራቆቹ ውሳኔውን አንቀበልም አሉ። በቁጥር ስለሚበልጡም በ2008 የቀድሞ ማህበራቸውን በድምፅ ትተው የራሳቸውን አዲስ ማህበር አቋቋሙ፤ የምዕራቦቹም ክስ መሠረቱ። አንድ ስም፣ አንድ ቀለም የተቀባ አየር መንገድ ሆኖ ሳለ የምሥራቅ ካፒቴን ከምዕራብ ረዳት አብራሪ ጋር በአንድ አውሮፕላን ሳይበር፣ በሁለት የኅብረት ስምምነትና በሁለት የደመወዝ ልክ ዓመታት አለፉ። የኒኮላው ዝርዝር አንድ ቀን እንኳ ሥራ ላይ ሳይውል ድርጅቱ በታኅሣሥ 2013 ከአሜሪካን አየር መንገድ ጋር ተዋሃደ፤ የሦስቱም ወገኖች የጋራ ዝርዝር የወጣው በ2016 ነበር። ከመጀመሪያው ውህደት ሲቆጠር 11 ዓመት መሆኑ ነው። በመካከሉ፣ በጥር 2009፣ የዚሁ አየር መንገድ ካፒቴን ሳለንበርገር ሁለቱም ሞተሮች በወፎች የጠፉበትን አውሮፕላን ሀድሰን ወንዝ ላይ አሳርፎ 155ቱም ሰዎች ከሞት ተረፉ። ሳለንበርገር ራሱ ወደ ዩኤስ ኤርዌይስ የገባው ቀድሞ የተቀጠረበት ፒኤስኤ የተባለ አየር መንገድ በ1988 ስለተጠቀለለ ነው። የአብራሪዎች ጠብ ስንሰማ «ታዲያ በእነዚህ እጅ ነው የምንሳፈረው?» የሚል ፍርሃት ለሚያድርበት መንገደኛ ይህን አስታውሳለሁ፤ ጠቡ በስብሰባ አዳራሽና በፍርድ ቤት እንጂ በመሪው ክፍል አልነበረም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚቀርበው ታሪክ ግን የቲደብሊውኤ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 የተቋቋመው ከዚህ የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። በሚያዝያ 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገው የመጀመሪያ በረራም፣ ከዚያ በኋላ የመጡት የሥልጠናና የአስተዳደር ዓመታትም የእሱ እጅ አለባቸው። እንግዲህ ይህ ሞግዚታችን በ2001 መጀመሪያ ከስሮ፣ በሚያዝያ ወር በአሜሪካን አየር መንገድ ተጠቀለለ። ከአብራሪዎቹ ብዙዎቹ ከአሜሪካን የመጨረሻ አብራሪ በታች ተሰለፉ፤ የበረራ አስተናጋጆቹ ደግሞ የ30 ዓመት አገልግሎት ያላቸው ሳይቀሩ ሁሉም ከግርጌ ተደረጉ። የመስከረም 11ዱ ጥቃት ከወራት በኋላ ሲደርስና ቅነሳ ሲጀመር መቀነስ ያለበት ከታች ነውና፣ እስከ 2003 አጋማሽ ድረስ ከቲደብሊውኤ የመጡት አስተናጋጆች በሙሉ ከሥራ ወጥተው ነበር። ይህ በደል ነው በ2007 በሁለት የሚዙሪ ሴናተሮች፣ በማካስኪልና በቦንድ፣ ስም የሚጠራውን ሕግ ያስወጣው። አየር መንገዶች ሲዋሃዱ የሠራተኞች ዝርዝር በፍትሐዊ መንገድ እንዲቀላቀል፣ ካልተስማሙም ወደ ግልግል እንዲሄዱ ያስገድዳል።

ሴናተሮቹ ከሚዙሪ መሆናቸው ያለ ነገር አይደለም። የቲደብሊውኤ ዋና የበረራ ማዕከል የነበረችው የዚያ ግዛት ከተማ ሴንት ሉዊስ ነች። አሜሪካን አየር መንገድ ቺካጎና ዳላስ ላይ የራሱ ማዕከሎች ስለነበሩት ሦስተኛ መሐል አገር ማዕከል አያስፈልገኝም ብሎ በ2003 መጨረሻ የሴንት ሉዊስን በረራዎች በግማሽ ያህል ቀነሰ። ከተማዋ ግን ማዕከል ሆና እንደምትቀጥል አምና ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ አዲስ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ጀምራ ነበር። ለዚያም በአጎራባቿ ብሪጅተን 2,000 ያህል ቤቶች ፈርሰዋል። መንደርደሪያው በ2006 ተመረቀ። የሚንደረደርበት አውሮፕላን ግን ከሦስት ዓመት በፊት ሄዷል። እኔ ስለ ውህደት ባነበብኩት ሁሉ ውስጥ እንደዚህ ያዘንኩበት ነገር የለም፤ ምናልባት እኔም የምኖረው ዋና ከተማ ባልሆነች ከተማ ውስጥ ስለሆነ ይሆናል።

በአብራሪዎች ዘንድ በመልካም ምሳሌነት የሚነሣው የዴልታና የኖርዝዌስት ውህደት ነው። ዴልታ በ2008 የአብራሪዎቹን ማህበራት አስቀድሞ አነጋግሮ፣ ውህደቱ ሲፈጸም የጋራ የኅብረት ስምምነትና ለአብራሪዎች የሚሰጥ የአክሲዮን ድርሻ ዝግጁ ነበር፤ የዝርዝሩም የግልግል ውሳኔ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወጥቶ ሁለቱም ወገን ተቀበለው። ዩናይትድና ኮንቲኔንታል በአንጻሩ የጋራ ስምምነት ለመፈራረም ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ነገር ግን አብራሪው በሰላም የተሻገረበት ድልድይ መንገደኛውንም ያሻግራል ማለት አይደለም። የኖርዝዌስት ማዕከል የነበረችው ሜምፊስ ከዚሁ መልካም ውህደት አምስት ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ማዕከልነቷን አጣች። ሠራተኛው ማህበር አለው፣ ባለአክሲዮኑ ድምፅ አለው፤ የአንድ መካከለኛ ከተማ መንገደኛ ግን በድርድሩ ክፍል ውስጥ ወንበር የለውም።

የመንግሥት ድርጅት ሲሆን ይህ ሁሉ ይቀራል የሚል ካለ ሕንድን ይመልከት። ኤር ኢንዲያና ኢንዲያን ኤርላይንስ ሁለቱም የመንግሥት ሆነው በ2007 ተዋሃዱ። ከአምስት ዓመት በኋላ አዲሱ ድሪምላይነር አውሮፕላን ሲመጣ ሥልጠናው ለየትኛው ወገን አብራሪዎች ይሰጥ በሚለው ጥያቄ የቀድሞዎቹ የኤር ኢንዲያ አብራሪዎች 58 ቀናት የፈጀ አድማ መቱ። በበጋው ዕረፍት የተሰረዙት በረራዎች መንገደኛ ስለ ዝርዝሩ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

መንገደኛው ጥቅሙን የሚያስከብርለት ሲያጣ የሚቀረው ዳኛ ነው። በጥር 2024 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ጄትብሉ የተባለው አየር መንገድ ስፒሪት የተባለውን ሌላ አየር መንገድ በ3.8 ቢሊዮን ዶላር እንዳይገዛ አገደ፤ ዋናው ምክንያት ስፒሪት ከጠፋ በእሱ ርካሽ ዋጋ የሚጓዙት ሰዎች ይጎዳሉ የሚል ነበር። ቅር የሚለኝ ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነው፤ ስፒሪት በዚያው ዓመት በኅዳር የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ስለዚህ ውህደትን መከልከል ሁልጊዜ መንገደኛውን ያድነዋል ለማለት አልደፍርም። የደቡብ ኮሪያው ኮሪያን ኤር የአገሩን ሌላ አየር መንገድ ኤሲያናን ለመግዛት ከ2020 እስከ 2024 መጨረሻ የጠበቀው የብዙ አገሮችን ተቆጣጣሪዎች ፈቃድ ለማግኘት ነበር፤ ኤውሮፓውያኑ ፈቃድ የሰጡትም የኤሲያና የጭነት ሥራ እንዲሸጥና አራት የኤውሮፓ መስመሮች ለሌላ አየር መንገድ እንዲለቀቁ ካደረጉ በኋላ ነው። ሁለት አየር መንገዶች የሚወዳደሩበት መስመር አንድ ብቻ ሲቀርበት ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ከቲኬት ሻጭ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ማያ ገጹ ላይ በየቀኑ አየዋለሁ።

ወደ አገራችን ስመለስ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአፍሪካ የመረጠው መንገድ ጎረቤቶቹን መጠቅለል ሳይሆን ድርሻ መግዛት ነው፤ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ ባለው አስካይ አየር መንገድና 49 በመቶ በያዘበት የማላዊ አየር መንገድ እንደሚታየው ማለት ነው። እያንዳንዱ ድርጅት ስሙንና የራሱን ሠራተኛ ይዞ ስለሚቀጥል የአብራሪ ተራ የማቀላቀል ጣጣ አይመጣም። በ2017 ከኤርፖርቶች ድርጅት ጋር በአንድ ግሩፕ ሥር ሲሆንም የተቀላቀለው አብራሪ ከአብራሪ ጋር አልነበረም። ለሐዋሳ መንገደኛ ደግሞ ጥያቄው ከውህደት ይቀድማል። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ መደበኛ በረራ የምናውቀው የአንድ አየር መንገድ ስለሆነ ተፎካካሪው ሌላ አውሮፕላን ሳይሆን 275 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነዳው አውቶቡስ ነው። ቢሮዬ መጥተው ዋጋ ጠይቀው፣ አመስግነው፣ ወደ መናኸሪያ የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ አልቀየማቸውም።

ከእማማ ጉዳይ በኋላ አሠራሬን ለውጫለሁ። ከአንድ በላይ አየር መንገድ ላለበት ቲኬት የእያንዳንዱን አየር መንገድ የቦታ ማስያዣ ኮድ ለየብቻ አውጥቼ፣ ባለ 13 አሃዙን ቁጥር በትልቁ ጽፌ፣ ወረቀቱን ከፓስፖርቱ ጋር አያይዛለሁ። ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረውም እያንዳንዱን መዝገብ ደግሜ እከፍታለሁ። አየር መንገዱ እየተዋሃደ መሆኑን ካወቅሁ፣ መዝገቡ በሚዛወርበት ሰሞን በዚያ መስመር እንዳይሄዱ ወይም በመካከል ሰፊ ሰዓት ያለው በረራ እንዲወስዱ እመክራለሁ። ጥቂት ዶላር ይጨምራል፤ አንዳንዱ ደንበኛ ለራሴ ጥቅም የማደርገው ይመስለዋል።

ያለፈው ሳምንት ጋሼ ደወለልኝ። የሚሠራበት አየር መንገድ ከሌላ ጋር ሊዋሃድ ነው። ስለ ደመወዙ ጠየቅሁት፤ ሳይጨምር አይቀርም አለኝ። ስለ ቤቱም ጠየቅሁት፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለጀመሩ ከዚያ ከተማ መነሣት አይፈልግም። «ቁጥርህስ?» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «የቱን ቁጥር? የድሮው በዚህ ወር 40 ደረጃ ከፍ ብሏል፤ አዲሱ ገና አልወጣም» አለኝ።